ለደንበኛ ያልተሰጠችው ፎቶግራፍ

ጥያቄው፦ «በሐዋሳ ከተማ ላለፉት አራት ዓመታት የሰርግ፣ የልደትና የምርቃት ፎቶግራፍ በማንሳት የምተዳደር የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ባለፈው ዓመት ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ ሴቶችን በቀይና በሰማያዊ ጨርቅ ፊት አቁሜ አነሳሁ። ሥራዬን ሳሳይ አንድ ተመልካች ‹ይህ የአይዳ ሙሉነህ አይደለም እንዴ?› አለኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ማታ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ደንበኞቼም ቢሆኑ በስልካቸው ያዩትን ፎቶ አሳይተው ‹እንደዚህ አንሺኝ› ነው የሚሉኝ። የራሴ የምለውን መንገድ እንዴት ላገኝ እችላለሁ? የሌሎችን ሥራ ማየትስ ላቁም? ስምንት ፎቶግራፎች ልኬልዎታለሁ። ስድስተኛዋ ለደንበኛዬ ያልሰጠኋት ናት፤ ቁጥር እንድትሞላ ብዬ ነው ያስገባኋት።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ያ ተመልካች ባለውለታሽ ነው። ሊያሞግስሽ ይሁን ሊነቅፍሽ ባላውቅም፣ አንድ መምህር በሁለት ዓመት የማይነግርሽን በአንድ ትንፋሽ ነግሮሻል። አንቺም ሰምተሻል። «ማታ ግን እንቅልፍ አጣሁ» የምትለዋ ቃል ከደብዳቤሽ ሁሉ ይበልጥ ደስ አሰኝታኛለች። እንዲህ ተብለው ደስታቸው እስከ ዛሬ ያልበረደ፣ የሰው ወርቅ አጥልቀው በየኤግዚቢሽኑ የሚዞሩ የሙያ ጓደኞች አሉኝ።

ስምንቱንም ፎቶግራፎች በኮምፒውተር ላይ ትልቅ አድርጌ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሰባቱ በእጅ ሥራ በኩል ነውር አይወጣላቸውም። ብርሃኑ ተለክቷል፣ ዓይኖቹ ጥርት ብለዋል፣ አቋቋሙም ተጠንቅቆ የተሠራ ነው። መንገድ ላይ ወድቀው ቢገኙ ግን ለማን እንደሚመለሱ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ስድስተኛዋ ሌላ ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

የሌሎችን ሥራ ማየት አታቁሚ። «ተጽዕኖ እንዳያድርብኝ የማንንም ሥራ አላይም» የሚል ወጣት በየጊዜው ያጋጥመኛል። የእነዚህን ልጆች ሥራ ስመለከት ሳያውቁት የማስታወቂያ ሰሌዳና የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሲቀዱ አገኛቸዋለሁ። ዓይን ጾሙን አያድርም፤ መርጠሽ ካልመገብሽው በየመንገዱ ያገኘውን ይለቃቅማል።

በዚህ ረገድ የቅኔ ቤት ሰዎች ከእኛ ከፎቶግራፍ አንሺዎች ይልቅ ነገሩን አስቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ በመጀመሪያው ቀን «የራስህን አምጣ» አይባልም። የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ አገባቡን ይማራል፣ ሰሙ ከወርቁ ጋር እንዴት እንደተጋጠመ ሲፈታለት ያያል። ከዚያ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ይህ መንገድ «ዘረፋ» መባሉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ስሙ የሰው ንብረት መንጠቅ ይመስላል፤ ተግባሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ እንደራስ አድርጎ መቀኘት በዚያ ጉባኤ ፊት ውርደት ነው። ይህም ሆኖ ያደገበት ቤት ጠረን ከተማሪው ላይ አይጠፋም። የዋሸራ ነው፣ የጎንጅ ነው፣ የዋድላ ነው እየተባለ ይለያል፤ በዚህ የሚያፍር የለም። አንቺም ከአንድ ቤት ብትወጪ ነውር የለበትም። ነውሩ እዚያው ቤት እያደሩ የመምህሩን ቅኔ በራስ ስም ማሰማት ነው።

ስለዚህ መቅዳትን ተለማመጂው፤ ግን በወጉ ቅጂ። አብዛኛው ሰው የሚቀዳው «ስታይል» የሚለውን ደመና ነው፤ ቀለሙን፣ ድባቡን፣ አለባበሱን። ይህን ያደረገ ሰው ምንም ሳይማር ውጤቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ምረጪና እስከ መጨረሻው ተከተዪው። የሰውየው ዓይን ውስጥ የምትታየዋን የብርሃን ነጥብ ፈልጊ፤ መስኮት ናት ወይስ የስቱዲዮ መብራት ጃንጥላ፣ በግራ ናት ወይስ በቀኝ? ከአፍንጫው ሥር ያለው ጥላ ወዴት ወርዷል? የጥላው ጠርዝ እንደ ቢላ የተሳለ ነው ወይስ እንደ ጭስ የሟሟ? አንሺው ቆሞ ነው ወይስ ተንበርክኮ? ከዚያ ያንኑ ፎቶግራፍ በጎረቤትሽ ልጅ ላይ ለማንሳት ሞክሪ። አሥር ጊዜ ትሳሳቻለሽ፤ በአሥራ አንደኛው ይሆንልሻል። ሲሆንልሽ ለማንም ሳታሳዪ አስቀምጪው። ያንን ፎቶግራፍ ያነሳሽው እጅሽ እንዲማር ነው፤ ለሰው ዓይን አልተሠራም።

አሁን ወደ ቀለም የተቀቡት ሴቶች እንምጣ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ተወልዳ በየመን፣ በቆጵሮስና በካናዳ ያደገች፣ አሜሪካ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በፎቶ ጋዜጠኝነት የሠራች፣ በ2007 ወደ አገሯ የተመለሰች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተችም እሷ ናት። እነዚያ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ቀለሞች ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጡ ናቸው። የዜና ፎቶግራፍ አፍሪካን ለዓለም እንዴት አድርጎ እንደሚያቀርብ ከውስጥ ሆና ያየች ሰው ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤድ ለተባለው ድርጅት በአፋር ዳሎል ላይ ያነሳችውን ተመልከቺ። ጉዳዩ የውኃ ችግርና ሴቶች የሚሸከሙት ሸክም ነው፤ ያንኑ ጉዳይ የዜና ፎቶግራፍ ሺህ ጊዜ አሳይቶናል፤ ስንጥቅጥቅ ያለ መሬት፣ ቢጫ ጀሪካን፣ ወደ ሌንስ የሚያይ የራበው ሕፃን። እሷ ያንን ሥዕል እምቢ ብላ በምትኩ ሌላ ሠራች። ቀለሙ የእምቢታዋ ልብስ ነው።

አንቺ ልብሱን ወሰድሽ። እምቢታውን ግን አልወሰድሽም፤ ልትወስጂውም አትችዪም፤ አንቺ የዜና ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ አልተናደድሽምና። ስለ ሞዴሎችሽ «ፊታቸው ለምን ሰማያዊ ሆነ?» ብዬ ብጠይቅሽ «ያምራል» ከማለት ሌላ የምትመልሽልኝ ያለ አይመስለኝም። ማማሩ እውነት ነው። ግን አንቺን የሚያናድድሽ ነገር ሌላ መሆን አለበት፤ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ሰርግ ላይ የቆመ ሰው የሚያናድደውና የሚያሳዝነው ነገር አያጣም።

የራስ መንገድ ብዙ ጊዜ ከምርጫ ይልቅ ከችግር ሲወለድ አይቻለሁ። ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ሥዕል አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመረቀ። ሠዓሊ ሊሆን ነበር፤ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ አነሳ። በመቃብር ሐውልቶች ላይ ተለጥፈው ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸውን የሟቾች ፎቶግራፎች ያነሳበትን ሥራውን ፈልገሽ እዪ። ፊቶቹ እንደ አሮጌ ሥዕል ተላጥተዋል። ቀለም መቀባት የተከለከለ ሠዓሊ ቀለም ሲረግፍ ማየቱ ለእኔ እንደ አጋጣሚ አይታየኝም፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ማሊ ባማኮ ውስጥ ደግሞ ሴይዱ ኬይታ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮ ሲከፍት የመጀመሪያ የጀርባ ጨርቁ አድርጎ የራሱን ዘርፋማ የአልጋ ልብስ ሰቀለ። በግቢው ውስጥ በተፈጥሮ ብርሃን ያነሳል፤ ፊልም ውድ ስለሆነ ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ። በአበባ ጨርቅ ፊት የአበባ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስትቀመጥ ቀሚሱና ጨርቁ ይደባለቃሉ፤ ፊቷና እጆቿ ብቻ ከዚያ ሁሉ አበባ መካከል ብቅ ይላሉ። ዛሬ ዓለም «የኬይታ ስልት» ብሎ በሙዚየም የሚሰቅለው ይህንን ነው። ጨርቁን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይቀይር ስለነበር በስተርጅና ዘመኑ ፎቶግራፎቹ መቼ እንደተነሱ የሚለየው ከጀርባው በተሰቀለው ጨርቅ ነበር። አንድ የአልጋ ልብስ!

የፕራጉን ፎቶግራፍ አንሺ ዮሴፍ ሱዴክንም ልጨምርልሽ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1954 ድረስ፣ መጀመሪያ አገሩ በናዚዎች ተይዛ በነበረችበት ጊዜ፣ የስቱዲዮውን መስኮት ሲያነሳ ኖረ። ጤዛ ያዘለ መስታወት፣ ከማዶ አንድ ጠማማ ዛፍ፣ ደፉ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ። «ምን ላንሳ?» ለሚል ተማሪ ሁሉ የማሳየው እነዚህን ነው።

የራሴንም ልንገርሽ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ የጃፓን የመንገድ ላይ ፎቶግራፍ ፍቅር ያዘኝ። ጥቁርና ነጭ፣ ሻካራ፣ የተንጋደደ፣ ግማሹ በጨለማ የተዋጠ። መርካቶን ቶኪዮ ላደርጋት ሦስት ዓመት ለፋሁ። አንድ ቀን አክስቴ ቤቴ መጥታ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን ዞራ ዞራ አየችና «ልጄ፣ ያን ጊዜ መርካቶ መብራት ጠፍቶ ነበር?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ግን አንጀቴ ውስጥ ገባች።

በዚያው ዘመን እንደ አንቺው እንጀራዬ ሰርግ ነበር። ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ዕቃዬን ሰብስቤ መኪና እስኪመጣልኝ ስጠብቅ ጥቂት ፎቶግራፍ ለራሴ የማንሳት ልማድ ነበረኝ። ለምን እንደማነሳ ብጠየቅ መልስ የለኝም። የድንኳን ሠራተኞች ምሰሶ ሲነቅሉ። የተረገጠ ቄጠማ። ከሥሩ ጠጅ የቀረበት ብርሌ፣ አንድ ዝንብ አፉ ላይ። በሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተጋድሞ የተኛ፣ የአንድ እግሩ ካልሲ የወለቀ ሕፃን። አንድ ክረምት ሃርድ ዲስኬ ሞላና የማይረቡትን ላጠፋ ተቀመጥኩ። ጣቴ ማጥፊያው ላይ እያለ ነገሩ ታየኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ማንም ሳያዘኝ፣ ማንም ሳይከፍለኝ ከሦስት መቶ በላይ ጊዜ ወደዚያው ሰዓት ስመለስ ኖሬያለሁ፤ ግብዣው ወዳለቀበት፣ ሰው ወደተበተነበት ሰዓት።

ሌላም ነገር አየሁ። ሁሉም ከታች የተነሱ ናቸው፤ ከወገብ በታች ካለ ቁመት። ምሥጢሩን ሳስብ ሳስብ ሳቄ መጣ፤ ደክሞኝ ስለነበር ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያነሳኋቸው። ብርሃኑም በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ በድንኳን ሸራ ውስጥ አልፎ የሚመጣ፣ ጥላ የሌለው፣ እንደ ወተት የፈሰሰ። ቁመቴን የሰጠኝ ድካሜ ነው፤ ብርሃኔን የሰጠኝ የተከራየ ድንኳን ነው። ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ተቀምጦ ማንሳትን በፈቃዴ መቀጠል ብቻ ነው። የጃፓኖቹን ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ፤ መርካቶም መብራቷን መልሳ አገኘች።

አሁን ስድስተኛዋ። የሙሽራዋ ሚዜ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ቆማለች። ጫማዋን አውልቃ በግራ እጇ ሁለቱንም በተረከዛቸው አንጠልጥላለች። በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ናት፤ የጫማው ማሰሪያ እግሯ ላይ ያተመው ቀይ ሰንበር ይታያል። ፊቷ በግማሽ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ አታለቅስም፣ አትስቅም፤ እግሯ እስኪበርድላት ትጠብቃለች። ከቀኝ በኩል በተከፈተ በር የሚወጣ ቢጫ ብርሃን ቀሚሷን ከጉልበቷ በታች ብቻ ይነካዋል። በሩ ሥር የሽንኩርት ልጣጭ ያለበት ጆንያ ተደግፏል።

ለደንበኛሽ ያልሰጠሽበት ምክንያት ይገባኛል፤ ማንም ሙሽራ ለአልበሟ ጆንያ አትፈልግም። ግን ካሜራሽ ምን እንዳደረገ ተመልከቺ። በሰባቱ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ርቀሽ፣ በደረትሽ ቁመት፣ በፍላሽ ነው ያነሳሽው። እዚህ ቀርበሻል፣ ዝቅ ብለሻል፣ ፍላሹን አጥፍተሻል። ማን አዘዘሽ? ደግሞ ሦስተኛዋን ፎቶግራፍ መልሰሽ እያት። ከሙሽሮቹ ትከሻ ጀርባ፣ በደበዘዘው ክፍል ውስጥ፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ይዘው ወንበር ላይ ዘፍ ብለዋል። ሳታስቢው ከፎቶው ጠርዝ ውስጥ አስገብተሻቸዋል፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ብትሄጂ ይጠፉ ነበር። አንድ ፎቶግራፍ መንገድ አይሆንም፤ አንድና ግማሽም አይሆንም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። የመቁጠሩ ሥራ ያንቺ ነው።

እንዴት ትቆጥሪያለሽ? ከአራት ዓመቱ ፋይል ውስጥ ለደንበኛ ያልተሰጡትን ብቻ አውጪ። ደንበኛ የመረጣቸው የደንበኛውን ዓይን ነው የሚነግሩሽ። ከቀሩት ውስጥ ለማጥፋት እጅሽ ያልደፈረውን ሁለት መቶ ያህል ለዪና በትንሹ መጠን፣ በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳጥቢ። በስልክ አይሆንም፤ ስልክ አንዱን እያሳየ ሌላውን ይደብቃል። ወለል ላይ አንጥፊያቸውና ለጥቂት ቀናት እየተራመድሽ ኑሪባቸው። የትኛው ያምራል ብለሽ እንዳትጀምሪ። የት ቆሜ ነበር? ምን ያህል ቀርቤ? ሰዎቹ ለብቻቸው ናቸው ወይስ ተያይዘው? ሰዓቱ ስንት ነው? በጭራሽ የማይታየው ምንድን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሳታስቢው የምትሸሺው ነገር ከምትወጂው እኩል ይናገራል።

ከዚያ ፎቶግራፍ የማያውቅ ሰው ጥሪ። ሰው ንግግሩ ውስጥ የሚደጋግማትን ቃል ራሱ አይሰማትም፤ የጎረቤት ልጅ አስመስሎ ሲቀልድበት ነው የሚያውቃት። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ «የከተማ ሕይወት ነው የማነሳው» እያለ ለዓመታት የሚለፋ። ፎቶግራፎቹን ሳሎን ውስጥ ዘርግቶ ሳለ እናቱ የቡና ሲኒ ይዘው ሊያልፉ ሲሉ ቆም አሉና «እነዚህ ሰዎችህ ሁሉ ምን እየጠበቁ ነው?» አሉት። የታክሲ ሰልፍ፣ የቀበሌ አግዳሚ ወንበር፣ የሆስፒታል ኮሪደር፣ በር ላይ የቆመች ሴት። እውነትም ሁሉም ይጠብቃሉ። እኔ በሦስት ወር ያላየሁትን ሴትዮዋ ሲኒ ሳያስቀምጡ አዩት።

ስለ ቀለም ማስተካከያ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ይህ ጉዳይ ይቆረቁረኛል። የሰርግ ፎቶግራፎችሽ ላይ ያለውን ፕሪሴት፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚመጣውን የቀለም ማስተካከያ፣ አውቀዋለሁ፤ ጥላውን ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ፣ ቆዳን ወደ ብርቱካን የሚገፋው ነው። የተሠራው ለሌላ ፀሐይና ለሌላ ቆዳ ነው። በሰሜን አውሮፓ ፀሐይ ረጅም ሰዓት አግድም ትቆያለች። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሆነች ፀሐይሽ ቀጥ ብላ ወጥታ ቀጥ ብላ ትገባለች፤ ከጠለቀች በኋላ ያለው ብርሃን ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ቢቆይ ነው። በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ በትክክል አናትሽ ላይ ትቆማለች፤ የሰው ዓይን ጉድጓድ ሆኖ ይጨልማል። የክረምቱ ደመና ደግሞ ሰማዩን በሙሉ አንድ ትልቅ ነጭ ሸራ ያደርገዋል። እነዚህን ሁለት ብርሃኖች ከስዊድን የተዋሰ ፕሪሴት አያውቃቸውም።

የቆዳው ታሪክ ደግሞ የቆየ ነው። በቀለም ፊልም ዘመን ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር፤ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ይሉታል። የፊልም አምራቹ የኮዳክ ሰዎች ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ፊልሙ የጠቆሩ ቀለማትን በደንብ እንዲይዝ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። የእኛ ፊት የጠራው ለካ በቸኮሌት አማላጅነት ነው! ዛሬም ቢሆን የካሜራሽ ብርሃን መለኪያ የሚያየው ሁሉ ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ነጭ ቬሎ ወይም የሐበሻ ቀሚስ በለበሰች ጠይም ሙሽራ ፊት ብታቆሚው ነጩ ያታልለውና ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ቀሚሱ ግራጫ፣ ፊቷ ከሰል ይሆናል። ይህን ስትፈሪ ፊቷን በኮምፒውተር ታነጪያለሽ፤ አመድ የተነሰነሰባት ትመስላለች። ስለዚህ ገና ከማንሳትሽ በፊት ለማን እንደምትለኪ ወስኚ፤ ለጨርቁ ወይስ ለፊቱ? ለስድስት ወር ፕሪሴቱን አጥፊውና ለፊት ብቻ እየለካሽ አንሺ። የጥልፉ ዝርዝር ጥቂት ቢጠፋ ይጥፋ። እንዲህ ያለች ትንሽ ውሳኔ በመቶ ፎቶግራፍ ላይ ስትደጋገም ሰው ስምሽን ሳያይ ያውቅሻል።

ስለ ደንበኞችሽ ብዙ አልልም። «እንደዚህ አንሺኝ» ካሉሽ እንደዚያው አንሺያቸው፤ ከፍለዋል። በእነሱ ሰርግ ላይ የጥበብ አመፅ ማንሳት የሥነ ምግባር ጉድለት ነው። በየሰርጉ ግን አሥር ፎቶግራፍ ለራስሽ አንሺ፣ ከአሥር አይብለጥ፤ ሲቆጠርብሽ ትመርጫለሽ። ሌንስም አትግዢ። አንድ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ካለሽ ለአንድ ዓመት በእሱ ብቻ ሥሪ።

ደግሞ አደራሽን፣ የራሴን ልፈልግ ብለሽ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል እንዳትሮጪ። ጎህ ሲቀድ፣ ጀልባ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ከጎኑ አባ ኮዳ፤ ያንን ፎቶግራፍ አገር ጎብኚው ሁሉ ይዞት ሄዷል። ኦሞ ሸለቆም እንዲሁ። እዚያ ያሉ ሰዎች ካሜራ ምን እንደሚወድ ከእኛ በላይ አውቀውታል፤ ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ እየተከፈላቸው በአዘቦት ቀን የማያደርጉትን ጌጥ ጭንቅላታቸው ላይ ይደረድራሉ። አንሺው ከእሱ በፊት የመጣውን አንሺ ይቀዳል፣ ተነሺው ያለፈውን ፎቶግራፍ ይቀዳል፤ መካከል ላይ እውነተኛው ሰውዬ የለም።

ቀለም የተቀቡትን ሴቶች አታጥፊያቸው። ቀኑን ጽፈሽባቸው በአንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ፤ የተማርሽበት ደብተር ናቸው። ለኤግዚቢሽን አታቅርቢያቸው፤ የግድ የምታሳዪበት ቀን ከመጣ ከማን እንደተማርሽ ከሥሩ ጻፊ።

ያቺን ሚዜ በተመለከተ ግን አንድ የሚቀርሽ ነገር አለ። ፎቶግራፏን ለማንም ከማሳየትሽ በፊት አሳጥበሽ ውሰጂላት፤ ፈቃዷንም ጠይቂ። እንደዚያ ሆና መነሳቷን ላታውቅ ትችላለች። ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ። ከዚያ በር ማዶ ምን እንደነበረም ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ወጥ ቤት ከሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ሲሠሩ ያደሩት ሴቶች ከሁለቱ መቶ ውስጥ ይኖሩ እንደሆነ ተመልከቺ።